የእማዬ አጥንት ሳስቷል፤ ኪኒኑ ይሻላል ወይስ መርፌው? (31 መልሶች)

ይህን ጥያቄ የለጠፍኩት በሰኔ ነው። አሁን መልሱ 31 ደርሷል። አዲስ የሚመጣው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ማንበቡ እየሰለቸው ያንኑ ጥያቄ በግል መልእክት ይልክልኛል። ስለዚህ መነሻዬን እንደነበረ ትቼ፣ ከሥሩ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥር ሳላጣራ ማለፍ ስለማይሆንልኝ ግን የሚጠቀሱትን አሃዞች ሁሉ ተመልሼ አይቻቸዋለሁ።

መነሻ

እናቴ 73 ዓመቷ ነው። ከእኔ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። ብርዱ ሲጀምር አዲስ አበባ ትሄድና ከፋሲካ በኋላ ትመለሳለች። ዘንድሮ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። በዚያው የአጥንት ጥግግት ምርመራ ታዘዘላት። ቲ-ስኮር የሚሉት ቁጥር አከርካሪዋ ላይ -3.2፣ ዳሌዋ ላይ -2.7 ሆነ። -2.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ኦስቲዮፖሮሲስ (የአጥንት መሳሳት) ይባላል። ራጁ ላይ ደግሞ አንድ የአከርካሪ አጥንቷ ድሮ ተጨፍልቆ ኖሯል። ቁመቷ 4 ሴንቲ ሜትር ማጠሩን እኛ እርጅና ነው ብለን አልፈነው ነበር።

ቃር ያሠቃያታል፣ ኦሜፕራዞል ከጀመረች ዓመታት ሆኗታል። ከአራት ዓመት በፊት ልቧን ታማ ነበር። ጾም አትፈታም። ሐኪሟ ሦስት አማራጭ ሰጥታናለች፦ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አሌንድሮኔት፣ በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ ወይም በየ6 ወሩ የሚወጋ ዴኖሱማብ። ተነጋግራችሁ ንገሩኝ አለች። ለመሆኑ ከሦስቱ ኃይለኛው የትኛው ነው?

(እንግዲህ ጥያቄዬ ይኼ ነበር፤ ኃይለኛው የቱ ነው። ልክ መኪና እንደምገዛ።)

1ኛው መልስ ሰጪ እግዜር ይማርልሽ ካለ በኋላ መልስ አልሰጠም፤ የኩላሊቷን ቁጥር (በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚያጣራ) ለምን እንዳልጻፍኩ ጠየቀ። ዋናውን ነገር ረስቻለሁ። 58 መሆኑን ጨመርኩ። ሦስቱንም መድኃኒት የማይከለክል ቁጥር እንደሆነ፣ ከ35 በታች ቢሆን ግን ዞሌድሮኒኩ እንደማይሰጣት አስረዳኝና ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።

2ኛው ቨርጂኒያ የሚሠራ የፋርማሲ ባለሙያ ነው። አሌንድሮኔት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ፣ ዋጋው የወረደ፣ ብዙ የተጠና መድኃኒት እንደሆነ አብራራ። አንድ አከርካሪያቸው ቀድሞ የተሰበረባቸው 2,027 ሴቶች ላይ የተደረገውና በ1996 የታተመው ጥናት የዳሌንም የአዲስ አከርካሪንም ስብራት በግማሽ ገደማ መቀነሱን ጠቀሰ። ቀጥሎ አወሳሰዱን ዘረዘረ፦ ጠዋት ምንም ሳይቀመስ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውኃ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ሳይተኙ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ወይም መቆም፣ በዚያ ሰዓት ቡናም ቁርስም የካልሲየም ኪኒንም የለም። ኪኒኑ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላልና የቃር ነገር እንዳሳሰበው ጨምሯል። ከመጀመሪያዎቹ አሥር መልሶች ይኼን የመሰለ አልነበረም።

3ኛዋ በደስታ ነው የጻፈችው። እናቷ ዴኖሱማብ ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ክንዳቸውን ይወጋሉ፣ ጨጓራ የለ፣ መቆም መቀመጥ የለ፣ ቁጥራቸውም ተሻሽሏል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውንና 7,868 ሴቶች የተሳተፉበትን ጥናት አያይዛለች፤ በሦስት ዓመት የአከርካሪ ስብራት በ68 ከመቶ፣ የዳሌ ደግሞ በ40 ከመቶ ቀንሷል። እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ። 4ኛና 5ኛ እኛም እኛም ብለው ተከተሏት። ያን ቀን ማታ መርፌው ነው ብዬ ለእማዬ ነግሬያት ነበር።

6ኛው ጉዳዩን ከሥሩ ነቀለው። በሽታው የፈረንጅ እንደሆነ፣ የሐበሻ አጥንት በጤፍ የተሠራ ስለሆነ መድኃኒቱ የንግድ ሥራ መሆኑን በረጅሙ አተተ። 7ኛዋ ነርስ ናት፤ ትዕግሥቷ አጭር ነው። የራሱን እናት ወስዶ እንዲያስመረምርና ከዚያ ተመልሶ እንዲያወራ ነገረችው። 8ኛው ግን ነገሩን በቁም ነገር ያዘው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች በአማካይ ከነጮቹ ያነሰ ስብራት እንደሚደርስባቸው አመነ። ችግሩ፣ በዚያው ሰበብ ምርመራም መድኃኒትም እንደሚነፈጋቸው፣ ዳሌ ከተሰበረ በኋላም ዕጣቸው የከፋ እንደሆነ ጻፈ። ፍራክስ የሚባለው የስብራት ማስያ የአሜሪካው ቅጽ ዘር እንደሚያስመርጥና ጥቁር የሚለው ሲመረጥ ስሌቱ ዝቅ እንደሚልም አሳየን። እኔም ሞከርኩት፤ ሌላውን ሁሉ ሳልነካ ያንን አንዱን ብቻ ስቀያይር የእማዬ ቁጥር ወረደና ወጣ። አጥንቷ ግን ያው ተሰብሯል።

9ኛዋ የጤፉን ነገር አንስታ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። 100 ግራም የጤፍ እህል ውስጥ 180 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ ከሌላው እህል አንጻር ብዙ ነው፣ እርሾውም ካልሲየሙን የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል። ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት የሚመከረው ግን በቀን 1,200 ነው። ወተት በማይነካበት ጾም ጎመንና ሰሊጥ መጨመር ደግ መሆኑን መክራ፣ ሲሚንቶ ብቻውን ግድግዳ እንደማይሆን በማሳሰብ ዘጋች። 10ኛው አያቱን ወጌሻ ጀርባቸውን አሽቷቸው እንዴት እንደዳኑ ተረከ። 7ኛዋ ነርስ ተመልሳ መጣችበት፤ የሳሳ አከርካሪ ላይ ጉልበት ያለው እጅ ማሳረፍ ምን እንደሚያደርግ ስትገልጽ ቃላቷን አልመረጠችም። እዚህ ልተወው።

ክሩ (ይህ ውይይት) የእኛ ክር የሆነው 11ኛው ላይ ነው። ጸሐፊዋ አትላንታ ያሉ የ68 ዓመት እናት ናቸው፤ የሚጽፉት ስለ ራሳቸው ነው። አሌንድሮኔት ታዞላቸው ሁለት ዓመት ዋጡ ተባለ። ሁለተኛው ምርመራ ላይ ምንም ለውጥ ጠፋ። ልጆቻቸው መሳቢያውን ሲከፍቱ ያልተነካ ፓኮ በፓኮ ሆኖ ተገኘ። ለካ በሁዳዴ ማለዳ ውኃ አይቀምሱም፤ ኪኒኑ ደግሞ ያለ ማለዳ አይሆንም። በፍልሰታም፣ በነቢያትም፣ በሐዋርያትም እንዲሁ፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። ሐኪማቸው የትኛውን ቀን እንደሚመርጡ ጠይቋቸው እሑድ እንዳሉት፣ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ እንዳለ እሳቸውም እሱም እንዳላሰቡት በራሳቸው እየሳቁ ጽፈዋል። ይህን ሳነብ እማዬን አየኋት። ቁርባን ባለበት ቀን የደም ግፊቷን ኪኒን እንኳ ወደ ከሰዓት ትገፋዋለች፤ የግፊቱ ይገፋል፣ ይኼኛው ግን ከምግብ በኋላ ከተዋጠ እንዳልተዋጠ ነው።

12ኛው መድኃኒት ምግብ አይደለምና የንስሐ አባትን ጠይቆ ማስፈቀድ እንደሚቻል በትሕትና አሳሰበ። 13ኛው እናቶቻችን ቢፈቀድላቸውም እንደማይወስዱ፣ ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለእነሱ ሳይሆን ለልጆቻቸው ጭንቀት እንደሆነ መለሰ። 14ኛው የጾምን ነገር ኋላ ቀርነት አድርጎ ጻፈ፤ ከዚያ የተከተለውን አልደግመውም፣ አወያዩ ሁለት መስመር ሰርዟል። እሱን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እናትህ መድኃኒቷን የምትውጥበትን ሰዓት ታውቃለህ?

15ኛው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የተለጠፈ ነው። አክስቱ ዳላስ ሆነው ዴኖሱማብ ይወጉ ነበር፤ አራት መርፌ ወስደዋል። ለወንድማቸው ልቅሶ ደሴ ሄዱ። ልቅሶው ተዝካር ሆነ፣ ተዝካሩ የውርስ ጉዳይ ሆነ፣ የሄዱት ለወር ነበር፣ የተመለሱት በ11ኛው ወር። የቀረውን መርፌ ሲመለሱ እንደሚደርሱበት ነበር የቆጠሩት። ሳይወድቁ፣ ሳይመቱ፣ የልብስ ሻንጣ ጎተት ሲያደርጉ ጀርባቸው ቀጭ አለ፤ ሦስት የአከርካሪ አጥንት በአንድ ጊዜ። ወደ መጨረሻው ላይ ማንም እንዳልነገራቸው ደጋግሞ ጽፏል።

16ኛዋ ያቺው 3ኛዋ ናት፤ ተቆጥታለች። አክስቱ ቀጠሮ ባያከብሩ ጥፋቱ የመድኃኒቱ እንዳልሆነና ሰው እያስፈራራ መሆኑን በጠንካራ ቃል ጻፈችበት። 17ኛው የፋርማሲው ባለሙያ መሐል ገባ። ልዩነቱን እንዲህ አስረዳ፦ አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ አጥንት ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ቢቋረጡም ለዓመታት ከፊል ሥራቸውን ይሠራሉ። ዴኖሱማብ አጥንቱ ውስጥ አይቀመጥም። መርፌው ሲያልቅ ታግዶ የነበረው አጥንት በሊታ ሕዋስ ሁሉ አንድ ላይ ይነሣል፣ የተገኘው ጥግግት ይሟጠጣል፣ አንዳንዶች ላይ አከርካሪው በተከታታይ ይሰበራል። ስለዚህ ከ7ኛው ወር ማለፍ እንደሌለበት፣ ማቆም የግድ ከሆነም ከእነዚያ ከሁለቱ አንዱ ወዲያው መተካት እንዳለበት ጻፈ። አክስቱን አልወቀሰም፤ 3ኛዋንም አልነካትም። ኩላሊታቸው በጣም ለደከመ ሰዎችም፣ በተለይ እጥበት ላይ ላሉት፣ ካልሲየማቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዳወጣበት አስታወሰ። ለሌላው፣ ቀጠሮው ለማይዛነፍበት ሰው ግን ግሩም መድኃኒት እንደሆነ አልካደም።

እማዬ በዓመት ስድስትና ሰባት ወር አዲስ አበባ ናት። ባለፈው ዓመት ካለችው ሦስት ወር አሳልፋ ነው የተመለሰችው። የመርፌውን ነገር ያን ሌሊት ተውኩት።

18ኛው ከአዲስ አበባ የጻፈ ሐኪም ነው፤ ሁላችንም መድኃኒት ስንመርጥ እሱ በሽታውን ገና አላመነም። አገር ቤት የተጨፈለቀ አከርካሪ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአከርካሪ ቲቢ እንደሆነ፣ በዚህ ዕድሜ የመቅኒ ካንሰርም እንደማይረሳ፣ ስለዚህ የደም ብዛት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ታይሮይድና የፕሮቲን ምርመራ መሠራቱን ጠየቀ። አልተሠራም ነበር። በማግሥቱ ለሐኪሟ ጻፍኩላት፤ አዘዘች። ሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ ቫይታሚን ዲ 14 ተገኘ፣ ዝቅ ያለ ነው። ዝቅ እንዳለ ዞሌድሮኒክ ቢሰጣት ካልሲየሟ ድንገት ሊወርድ ይችል ነበር። ይህ ሰው ስሙን እንኳ አልጻፈም።

19ኛው ሁላችሁም ትንንሹን ነው የምታወሩት የሚል መንፈስ ነበረው። ሁለት ቦታ የተሰበረና -3.2 የደረሰ ሰው መሳሳቱን የሚያቆም ሳይሆን አዲስ አጥንት የሚገነባ መድኃኒት መጀመር እንዳለበት ተከራከረ፤ ሮሞሶዙማብ በወር አንዴ ለ12 ወር፣ ወይም ቴሪፓራታይድ በየቀኑ እስከ ሁለት ዓመት። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። 4,093 ሴቶች ላይ ሮሞሶዙማብ አስቀድሞ አሌንድሮኔት ማስከተል ከመጀመሪያው አሌንድሮኔት ብቻ ከመውሰድ ጋር ተወዳድሮ፣ በሁለት ዓመት የአከርካሪ ስብራትን በ48 ከመቶ ቀንሷል። 20ኛዋ በዚያው ጥናት በመጀመሪያው ዓመት ከባድ የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋ ሮሞሶዙማብ በወሰዱት 2.5 ከመቶ፣ በሌሎቹ 1.9 ከመቶ መሆኑን አስታውሳ፣ የእናቴን ልብ ያነበበ ሰው እንዳለ ጠየቀች። 21ኛው ከስቶክሆልም ነው። አሜሪካ የሚያስጠነቅቀው ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ የደረሰበትን ሰው ሲሆን፣ አውሮፓ ውስጥ ግን መቼም ይሁን መቼ የደረሰበት ሰው ጨርሶ እንደማይሰጠው ጻፈ። አንድ መድኃኒት፣ አንድ ልብ፣ ሁለት ሕግ። ሐኪሟን ስጠይቃት ገና ሳልጨርስ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ቴሪፓራታይድ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ በየቀኑ መርፌ ይፈልጋል፤ እማዬ ስለ መርፌው ስትሰማ የመለሰችውን አልጽፈውም፣ መብራት የሚጠፋበት ሠፈራችንን ግን አስታወሰችኝ።

22ኛዋ መንጋጋ ያበሰብሳል ሲባል ሰምታ ፈርታለች። 23ኛዋ የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛ ስትሆን ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አሳየች፦ አብዛኛው የመንጋጋ ጉዳት የታየው ለካንሰር ሕሙማን ነው፣ እነሱ ዞሌድሮኒክን ብዙ ጊዜ በየወሩ ይወስዱታል። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው፤ በዚህ መጠን አደጋው ከ10,000 እስከ 100,000 ሰው በዓመት አንድ ያህል ይገመታል። የሚነቀል ጥርስ ካለ ግን አስቀድሞ ይነቀል ብላለች። 24ኛው ጎረቤቱ ዘጠኝ ዓመት ኪኒን ውጠው ጭናቸውን ለወራት ሲያማቸው ቆይቶ አጥንቱ ሳይወድቁ መሰበሩን ተረከ። ብርቅ ቢሆንም እውነት ነው። ለዚህ ነው ኪኒኑ በ5 ዓመት፣ ዞሌድሮኒኩ በ3 ዓመት እንደገና የሚታየው፤ የጭን ወይም የብሽሽት ሕመም ከመጣም ሳይውል ሳያድር የሚነገረው።

25ኛው ስለ ኢንሹራንስ ነው። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ) ላላቸው በክሊኒክ የሚሰጠው መድኃኒት በአንዱ ክፍል፣ ከፋርማሲ የሚወሰደው በሌላው እንደሚሸፈን፣ ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት ያልሞላው ደግሞ ሜዲኬርን ገና እንደማያገኝ አብራራ። ጠቃሚ ነው፤ ከሥሩ የተነሳው የፖለቲካ ጭቅጭቅ ግን ጊዜ አይገባውም።

26ኛዋ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ስለ ምንጣፍና ስለ ሌሊት መብራት ከጻፈች በኋላ ማናችንም ያላነሳነውን አነሳች፦ ስግደት። ወገብን አጥፎ ወደ ፊት መደፋት የሳሳ አከርካሪን ከፊት በኩል ይጨፈልቀዋል፤ በሰሞነ ሕማማት ደግሞ ቁጥሩ ብዙ ነው። ጀርባ ቀጥ ብሎ በጉልበት መንበርከክ፣ ወይም መቋሚያ ይዞ ራስን ብቻ ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል ከነሥዕሉ አስቀምጣለች። ሥዕሉን አትሜ ለእማዬ ሰጠኋት። ጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አስገባችው፤ አነበበችው አላነበበችው አላውቅም።

27ኛው የእኔ ነው። የመረጥነው በዓመት አንዴ የሚሰጠውን ነው። ከ7,700 በላይ ሴቶች ላይ ተሞክሮ በሦስት ዓመት የአከርካሪ ስብራትን በ70፣ የዳሌን በ41 ከመቶ መቀነሱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የወሰነልኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ጨጓራዋን አይነካም፣ ጾሟን አይነካም፣ አዲስ አበባ ብትቆይ ቀጠሮ አያልፋትም። ስምንት ሳምንት ቫይታሚን ዲዋን ሞላን፣ አንድ ጥርስ ተነቀለና ድዱ እስኪድን ጠበቅን፣ መስከረም ላይ ውኃ በደንብ ጠጥታ ሄደች። ግማሽ ሰዓት ያህል ተንጠባጥቦ አለቀ። በማግሥቱ ትኩሳቷ 38.6 ገባ፣ መገጣጠሚያዋ ሁሉ ታመመ። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ብዙዎችን እንደሚያጋጥም ተነግሮን ስለነበር በፓራሲታሞል ሁለት ቀን አለፈ። እሷ ግን አዲስ አበባ እንዳትሄድ ሆን ብዬ ያሳመምኳት መስሏት ነበር። ጥቅምት ላይ ሄዳለች።

28ኛው በእናቴ ሕይወት ኢንተርኔት ላይ ድምፅ ማሰጠቴን ኮነነ። ልክ ነው ለማለት አልቸኩልም፣ ልክ አይደለም ለማለትም። 29ኛው ላይ የሰሊጥ አጠጣጥ ክርክር ተነስቶ እስካሁን አላባራም፤ ቆልቶ ነው ወይስ ሳይቆላ። 30ኛው አባቱ ለአስም ፕሬድኒሶሎን እየወሰዱ ወራት እንዳለፋቸው፣ ይኼ ሁሉ ለወንድ ይሠራ እንደሆን ጠየቀ። እንደዚያ ያለ መድኃኒት በተከታታይ ከሦስት ወር በላይ የሚወስድ ሰው ወንድም ቢሆን አጥንቱ መታየት እንዳለበት 7ኛዋ ነርስ፣ ለአንዴ በቀስታ፣ መለሰችለት። የራሱን ክር እንዲከፍት ነግሬዋለሁ።

31ኛዋ ትናንት ማታ ጻፈች፤ 3ኛዋ ናት። ለ15ኛው ይቅርታ ጠይቃለች። የእናቷን ቀን መቁጠሪያ አውጥታ ስታይ ቀጣዩ መርፌ ኅዳር 24 ነው፤ የቆረጠችላቸው ትኬት ደግሞ ጥቅምት 28 ሄደው ከጥምቀት በኋላ የሚመለሱበት። ትኬቱን ወደ ኅዳር 30 አዛውራዋለች። 200 ዶላር አስከፍለዋታል።